ሐ ተጋድማ

ቁመቱ ረጅም ነው፣ ስለዚህ ከኋላ፤
እንዲህ ነው ደንባችን፤ ፊቱ በአጭር ሲሞላ
ረጅም ግድግዳ ይደገፋል። ልየውንም ያኔ
እዚያ ያስቀመጠው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ።

ሰባተኛ ክፍል፣ የትመን፣ መስከረም፤
የመረሬው ጭቃ ከጫማ አልወረደም።
እኔ እኩልታ ስጽፍ በጠመኔ ከሰሌዳ፣
እሱ አንገቱን ሰብሮ ከጎኑ ሲቀዳ
ደጋግሜ አየሁት። «ቀጣፊ ነህ!» አልኩት፤
ዜሮዋን በቀይ ቀለም አሳምሬ ሳልኩለት።

ሰፈሩም ያማዋል፦ «ልየው ሰው አይለይም፣
የአክስቱን ልጅ እንኳ ሰላም አይለውም።»
አንዱ ኩሩ ይለዋል፣ ሌላዋ ዓይን አፋር።
ዓይን እንጂ ያፈረው፣ ልጁ መች ያፍር ነበር።

ደግሞ ሌላ ወሬ አለ፣ ከዚህ የማይገጥም፤
ሁለቱን አጋጥሞ የጠየቀ የለም።
ጸጉር የሚወጋቸው የመንደሩ እናቶች፣
ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አንጋቾች፣
ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ወደ ማታ
ልየው ደጅ ይሰለፋሉ፣ ከድንጋዩ ቦታ።
አንዷን ጉልበቱ ላይ ቀስ አርጎ አስተኝቶ፣
ትንፋሹ ጉንጯን እስኪያሞቅ ተጠግቶ፣
ከቆቧ ሥር የዞረች፣ ከክር የቀጠነች
ጸጉር መዝዞ ሲያወጣ፣ «እፎይ» ትላለች፤
«እንደ ልየው ያለ ዓይን በአገር አይገኝም!»
እኔም ይህን ሰምቼ አልተጠራጠርኩም።

ኅዳር ላይ ደብሪቱ፣ የትምህርት ቤቱ ነርስ፣
(ቢሮዋ ግማሹ ፋሻ፣ ግማሹ የተነፈሰ ኳስ)
ጠዋት ጠዋት በር ላይ ጀሪካን አስቀምጣ
ፊቱን ሳይታጠብ ባለፈ ልጅ የምትቆጣ፣
ስድስት ሜትር ለክታ በመረብ ኳስ ገመድ
ካርቶን ሰቅላ «ኑ» አለች፣ «በተራ፣ አንድ አንድ።»
ካርቶኑ ላይ ፊደል፣ ሦስት እግር ያላት፤
የእኛው ሐመሩ ሐ። ማን እንዲህ አጋደማት?
ሐ ወደ ግራ ተኝታ፣ ሐ ወደ ቀኝ ዞራ፣
ሐ በአናቷ ቆማ፣ እግሯን ሰማይ ላይ አኑራ፤
እየወረደች ስትሄድ እያነሰች፣ እያነሰች፣
ከመጨረሻው መስመር ጉንዳን አክላ አረፈች።

«እግሯ ወዴት ዞሯል? በጣትህ አሳየኝ።»
ልየው «የቷ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ያዘኝ፤
እኔም ሳቅሁ፤ ይህንንም አልደብቅም፣ ልናገር።
ደብሪቱ ግን «ና» አለችው፤ «ቅረብ። ቅረብ። ተሻገር።»
አፍንጫው ከግድግዳው ሲቀረው አንድ ስንዝር
«ወደ ታች ናት!» አለ፤ ወርዶም እስከ ታች መስመር
ጉንዳኗን ሳይቀር ለየ ያለ አንዳች መደናገር።

ደብሪቱ ብዕሯን ዘግታ ዞረችና ወደ እኔ፣
«የት ነው የሚቀመጠው?»
አፌን ሞላው ጠመኔ።

ወረንጦዋ ከኪሱ ጠብ አለች። «የማን ናት?»
«የእማ።» ያን ዕለት ማታ ደብሪቱ ሄደችላት።
አንጓች በታኅሣሥ ቢቸና ደርሳ፣ ቆቧ ተሰፍቶ
መጣች፤ ወረንጦው ካንገቷ ላይ ተፈትቶ።
ሌሎቹ ግን አኮረፉ፦ «ነቃያችንን ቀማችን!
ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ ማን ሊሆን ነው ዓይናችን?»
ደብሪቱ ስማቸውን ጻፈች። አሥራ አንድ ነበሩ።
ስድስቱ ሄዱ፤ አምስቱ ቀሩ።

መነጽሩ ጥር ላይ፣ ከማርቆስ በሚኒባስ፣
በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ በሾፌሩ ኪስ።
ልየው አጠለቀው፤ መጀመሪያ እኔን አየ፤
«ቲቸር፣ ለካ ሸብተዋል!» አለና ዝም ብሎ ቆየ።
ቀጥሎ በመስኮት፣ ጮቄን፤ እስከዚያን ዕለት
ደመና ይመስለው ነበር፣ የማይሄድ፣ የቆመበት።

አሁን ከፊት ወንበር ረጅም ልጅ አለ፤
ከኋላው «ጋረደን!» ያላለ ልጅ የለ።
ትናንት ደብተሩን ጠየቅኩት፣ ያችን ልሰርዝለት፤
ቀይ ስክሪብቶዬን ይዤ ገጽ ሳገላብጥበት
«ይተዋት» አለኝ፣ መነጽሩን እየወለወለ፤
«ዜሮዋንስ አይቻት ነበር፤ ቅርብ ነበረች» አለ።